ጥጉ የታጠፈ ወረቀት

ሰው ሁሉ «ባቡሬ» ነበር የሚላት። ስሙን ያወጣላት የካርድ ክፍሉ የድሮ ሹም ነው። በሃያ አራት ዓመቷ ሆስፒታሉ ውስጥ ተላላኪ ሆና የተቀጠረች ሰሞን በኮሪደሩ ስትከንፍ አይቶ «ዞር በሉ፣ ባቡር መጣ!» አለ፤ በቃ፣ ያው ሆኖ ቀረ። እሱ ጡረታ ወጣ፣ ስሙ ግን እሷ ላይ እንደተለጠፈ አለ።

ሥራዋ ወረቀት ማመላለስ ነበር። ሐኪም የምርመራ ወረቀት ይጽፋል፣ እሷ ላቦራቶሪ ታደርሳለች፤ ውጤቱን ይዛ ትመለሳለች፤ ከዚያ ደግሞ መድኃኒት ቤት። ሕንፃው ሦስት ፎቅ ነው። ሊፍት አለው ይባላል፤ እሷ በሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ሲሠራ ያየችው ሁለት ቀን ነው፤ አንደኛው ቀን ትልልቅ እንግዶች ሊጎበኙ የመጡ ለት ነበር። ትልቁ ላቦራቶሪ ምድር ቤት ነው፤ ትንሹ ደግሞ ግቢውን ተሻግሮ ከልብስ ማጠቢያው ጎን። አመድማ ጋወኗ ሁለት ኪስ ነበረው። በቀኙ ገና የምታደርሰውን ትይዛለች፤ በግራው አድርሳው መልሱን የምትጠብቅበትን ወረቀት ቅጂ። የግራ ኪሷ ወረቀት ሁሉ አንድ ጥጉ የታጠፈ ነው። ለምን ታጥፊዋለሽ ሲሏት «ልማድ ነው» ብላ ታልፋለች።

እንዲህ እንዲህ እያለ ዕድሜዋ ሄደ። ጡረታዋ ሁለት ዓመት ሲቀረው ጉልበቷ ከዳት። ቀኙ ነው። ጠዋት ጠዋት እንደ አሮጌ ማጠፊያ ሲጥ ይላል። አናጢው ባሏ ማታ ማታ ዘይት አሙቆ እያሸላት፦

«ባቡሩ ደህና ነው፣ ሐዲዱ ነው የዛገው» ይላታል።

«አንተ ሰውዬ፣ በእኔ መቀለድ መቼ ነው የምትተወው?»

«ከዘራ ልሥራልሽ ስልሽ እሺ ያልሽ ቀን።»

እሷ ግን ከዘራ ይዛ ሥራ ልትገባ ነው? ባለፈው ዓመት ወገቡን የታመመውን ቃሬዛ ተሸካሚ ለሕክምና ቦርድ አቅርበው፣ ጡረታው ሳይሞላ ቤቱ ሰደዱት። ሰውየው ሲሸኝ ጋወኑን አጣጥፎ ለንብረት ክፍል ሲያስረክብ አይታለች። ያ ነገር ከሆዷ አልወጣም። ስለዚህ ሕመሟን ደበቀች። ደረጃው መሃል ላይ ሲያማት እዚያ ያለውን የማስታወቂያ ሰሌዳ እያነበበች መስላ ትቆማለች። «ጥቁር ጃንጥላ የጠፋብኝ ስለሆነ ያገኘ ሰው» የሚል ማስታወቂያ ነበር። የጃንጥላውን እጀታ ቀለም እንኳ በቃሏ ይዛው ነበር።

ኮምፒውተሩ ቀስ በቀስ ነው የመጣው። መጀመሪያ ለካርድ ክፍሉ ገባለት፣ ቆይቶ ለላቦራቶሪው፣ ኋላም ለመድኃኒት ቤቱ። ሦስቱን የሠሯቸው የተለያዩ ሰዎች ናቸውና አንዱ የሌላውን አነጋገር አይሰማም። ስለዚህ ኮምፒውተር በሞላበት ቤት ባቡሬ ከአንዱ ስክሪን አንብባ፣ ወረቀት ላይ ጽፋ፣ ደረጃ ወርዳ፣ ለሌላው ስክሪን ታደርስ ነበር። ጉድ እኮ ነው።

በመጨረሻ አንዲት መነጽር ያደረገች ቀጭን ልጅ ተቀጠረች። ፕሮግራመር ናት። ባቡሬን አጠገቧ በወንበር አስቀምጣ፣ ምን ከየት ወዴት እንደሚሄድ እየጠየቀች መጻፍ ጀመረች።

«ምንድነው የምትሠሪው፣ ልጄ?»

«ሚድልዌር ይባላል፣ እትዬ። እርስዎ የሚሠሩትን ነው የሚሠራው። ሦስቱ መነጋገር አይችሉም፤ እሱ መሃል ቆሞ ከአንዱ ይቀበላል፣ ለሌላው በሚገባው መንገድ ያደርሳል። አንዱ ዝም ካለ ትንሽ ይጠብቀዋል። ጭራሽ አልነሳ ካለ ሌላ በር ያንኳኳል፤ ትልቁ ላቦራቶሪ ከተዘጋ ወደ ትንሹ ይሄዳል።»

«ይበላል?»

«መብራት ብቻ።»

«ደረጃስ ይወጣል?»

«ደረጃ የሚባል አያውቅም።»

«እሱስ ታድሏል» አለች ባቡሬ።

የሆስፒታሉ ሰው «መሃለኛው» አለው። ሥራ ሲጀምር ባቡሬን ያባርራታል ብለው ያዘኑላት ብዙ ነበሩ። እሷ ግን አምላኳን ነበር የምታመሰግነው። ልጅቷ «ጥያቄ አላለቀብኝም» ብላ እዚያው ወንበር ላይ አስቀረቻት። በሠላሳ አራት ዓመት የመጀመሪያዋ ወንበር! ሁለት ወር ሙሉ ደረጃ ሳትረግጥ ዋለች። ማታ ቤቷ ስትገባ ለባሏ የምትነግረው ዜና ይኸው ብቻ ነበር፦ «ዛሬም አልወጣሁም፤ ዛሬም አልወረድኩም።»

ከዚያ ነው እንግዲህ የጫማ ሰፊው ነገር የመጣው።

አንድ ማክሰኞ የላቦራቶሪው መስመር ሲሄድ ሲመጣ ዋለ። ሁለተኛ ፎቅ የተኛ ሽማግሌ ጫማ ሰፊ ነበር፤ ሐኪሙ አንድ የደም ምርመራ አዘዘለት። ጠዋት አንዲት ነርስ ዝርዝሯን ይዛ መጥታ ደም ቀዳችው። ረፋድ ላይ ሌላዋ መጣች፤ የሷም ዝርዝር ላይ ስሙ አለ፤ ቀዳችው። ከሰዓት ሦስተኛዋ መርፌዋን ይዛ ስትመጣ ሰውየው አልጋው ላይ ተነስቶ ተቀመጠ።

«ስሚ የኔ እህት! እኔ አርባ ዓመት ጫማ ሰፍቻለሁ። አንድ ቦታ ሁለት ጊዜ ወግቼ አላውቅም፤ ቆዳው ይበላሻላ! ቆዳ እንኳ የማይችለውን ነው እኔን የምታደርጉኝ?»

«አባባ፣ ኮምፒውተሩ ነው ያዘዘው።»

«እንግዲያው ኮምፒውተሩን ውጊው!»

ጩኸቱ ምድር ቤት ድረስ ተሰማ። ዋና ነርሷ ሮጣ ወጣች። ሰውየው ብዙም አልተጎዳ፣ ማዞር ብቻ ነው፤ ዳይሬክተሩ ግን ደሙ ፈላ። ፕሮግራመሯን አስጠርቶ በሰው ፊት፦

«እስከ ዓርብ እሰጥሻለሁ። ካልተስተካከለ ሰኞ ወደ ወረቀታችን እንመለሳለን። ባቡሬ እንደሆነች አለችልን!»

የዚያን ቀን ባቡሬን ያላቀፈ የለም። የጽዳት ሠራተኛዋ «እንኳን ደስ ያለሽ፣ ማሽኑን ጣልሽው!» አለቻት። የመድኃኒት ቤቱ ሰውዬ በመስኮቱ ብቅ ብሎ እንደ ባቡር ጮኸላት። እሷም ጥርሷን አሳየች። ሆዷ ግን ሌላ ነበር የሚያስበው፤ ሰኞ ሲመጣ ያ ሁሉ ደረጃ፣ ማክሰኞም ያ ሁሉ ደረጃ። ረቡዕ ላይ የምትደርስ አይመስላትም። ከዚያ ቦርድ፣ ከዚያ ጋወን ማስረከብ።

ቤቷ ገብታ ለባሏ ነገረችው። ዘይቱን ሊያሞቅ ተነስቶ ነበር፤ ተመልሶ ተቀመጠ።

«ንገሪያቸው፣ ጉልበቴን አሞኛል በይ።»

«ብዬስ?»

እሱም እግሯን አንስቶ ጭኑ ላይ አደረገው።

በማግስቱ ጠዋት ባቡሬ ልጅቷን ዓይኗ ቀልቶ አገኘቻት።

«ንገሪኝ እስቲ፣ ምን ሆኖብሽ ነው?»

«እትዬ፣ መሃለኛው ትዕዛዙን ይልካል፣ ላቦራቶሪውም ይቀበላል። «ደርሶኛል» የሚለው መልስ ግን መንገድ ላይ ይጠፋል። መልስ ሲያጣ አልደረሰም ብሎ እንደገና ይልካል። ላቦራቶሪው ደግሞ ለመጣው ሁሉ አዲስ ቁጥር ይሰጣል፤ አንዱ ሰው ሦስት ሰው ይሆናል። ደግመህ አትላክ እንዳልለው፣ የእውነት የጠፋው ጠፍቶ ሊቀር ነው። የላቦራቶሪውን ፕሮግራም እንዳልነካ የሠሩት ሰዎች ተበትነዋል።»

የባቡሬ እጅ ሳታስበው ወደ ግራ ኪሷ ሄደ፤ ኪሱ ባዶ ነበር። ተነስታ በሩን ዘጋችው።

«አንድ ነገር ልነግርሽ ነው። ለማንም አትንገሪ።»

ሥራ በገባች በሦስተኛ ዓመቷ የሆነ ነው። የአንዲት አራስ ወረቀት ላቦራቶሪ አደረሰች፤ መልሱ ዘገየ። እሷም ችኩል ናት፤ ረስተውት ይሆናል ብላ ወረቀቱን እንደ አዲስ አስገባችው። አራሷን ሁለት ጊዜ ቀዷት። ደም ፈሷት የደከመች ሴት ነበረች፤ ከአልጋ ልትወርድ ስትል ራሷን ስታ ወደቀች። ነቃች፣ ተሻላት፣ ልጇን ታቅፋ ወጣች፤ የማን ጥፋት እንደሆነ ግን የሚያውቅ አልነበረም፣ ከባቡሬና ከያኔው የላቦራቶሪ ሹም በቀር። ሹሙ አልጮኸባትም። ትልቁን መዝገብ ገልጦ፣ መጨረሻ ላይ «አስተያየት» የሚለውን፣ ማንም የማይጽፍበትን ዓምድ አሳያት። «ከዛሬ ጀምሮ የወረቀትሽን ቁጥር እዚህ እጽፍልሻለሁ፤ ስጽፍልሽ አንቺ ጥጉን አጥፊው። መልስ ዘግይቶ ስትመለሺ መጀመሪያ እዚህ እንፈልጋለን» አላት።

«ከዚያ ወዲህ ጥጉ የታጠፈ ወረቀት ይዤ የምመለሰው ልጠይቅ ነው እንጂ ላዝ አይደለም» አለች ባቡሬ። «ገባሽ ልጄ? ሁለተኛ መሄዱ አይደለም ነውሩ። ሁለተኛ ስትሄጂ እንደ አዲስ መሄድሽ ነው።»

ልጅቷ አፏን ከፍታ ቀረች። ከዚያ ወንበሯን ወደ ስክሪኑ ጎተተችና የላቦራቶሪውን ገጽ ከፈተች። ስም፣ ዕድሜ፣ የምርመራ ዓይነት… መጨረሻ ላይ አንዲት ባዶ ሳጥን። «አስተያየት» ይላል። ፕሮግራሙን የሠሩት ሰዎች አሮጌውን መዝገብ ዓምድ በዓምድ ገልብጠውት ኖሯል፤ ለምን እንዳለች የነገራቸው ስለሌለ ስክሪኑ ላይ ማንም ሞልቷት አያውቅም።

«እትዬ! በዚህች ሳጥን መፈለግ ይቻላል! እኔ ሳያት ከርሜ… የማትረባ መስላኝ!»

«እኔም ብዙ ጊዜ እንደዚያው መስያቸዋለሁ» አለች ባቡሬ፤ ሁለቱም ሳቁ።

ሁለት ቀን ሠራች። መሃለኛው ከእንግዲህ ለእያንዳንዱ ትዕዛዝ የራሱን ቁጥር ሰጥቶ በዚያች ሳጥን ይጽፋል፤ መልስ ሲጠፋበት መጀመሪያ ቁጥሩን ይፈልጋል፤ ካገኘው ውጤቱን ይጠብቃል፣ ካጣው ብቻ ይልካል።

ዓርብ ጠዋት ዳይሬክተሩና ዋና ነርሷ መጡ። ጫማ ሰፊውም በተሽከርካሪ ወንበር ካልወሰዳችሁኝ ብሎ መጣ። «የተወጋው የኔ ክንድ ነው፤ እኔ ሳላይ አይሆንም» አለ። በሱው ስም ትዕዛዝ ተላከ። የላቦራቶሪው ባለሙያ ገመዱን ነቀለ፣ ሰካ፤ ደግሞ ነቀለ፣ ሰካ፤ ሦስተኛም። ሁሉም ስክሪኑ ላይ አፈጠጠ። ስሙ አንድ ጊዜ ብቻ ነበር።

«አንድ ነኝ?» አለ ጫማ ሰፊው።

«አንድ ነዎት፣ አባባ።»

«ተመስገን፤ እኔም አንድ ነው የሚመስለኝ የነበረው።»

ዳይሬክተሩ ግን ፊቱ አልተፈታም። «ዛሬ ሠራ፤ ነገስ? በሰው ክንድ እየሞከርን አንኖርም። እስኪፈተን ስድስት ወር ወረቀቱ አብሮ ይሂድ። ባቡሬ፣ ሰኞ ትጀምሪያለሽ።»

ልጅቷ ባቡሬን አየቻት፣ አንገቷን ደፋች። የአራሷን ምስጢር ጠብቃ ዝም አለች። ባቡሬ የዚያን ቀኑን ዝምታ እስክትሞት አትረሳውም። ከወንበሯ ተነሳች፤ ጉልበቷ ሲጥ ሲል ሁሉም ሰማው።

«ተፈትኗል፣ ጌታዬ» አለች። «ሠላሳ አንድ ዓመት ተፈትኗል። እኔ ነኝ የፈተንኩት።» የአራሷን ነገር ከራስ እስከ ጥፍሩ ነገረቻቸው። «ከዚያ ወዲህ አንድ ሰው በኔ ወረቀት ሁለቴ አልተወጋም። ደግሞ ሰኞ ሩጪ ካሉኝ አልችልም። ጉልበቴ አልቋል። ደብቄዎት ነው።»

መጀመሪያ የተናገረችው ዋና ነርሷ ናት።

«የደበቅሽ መስሎሻል? ያቺን የጃንጥላ ማስታወቂያ ለማን ብዬ ነው ይህን ሁሉ ወር ሳላስነሳት የኖርኩት?»

ጫማ ሰፊው ሳቁን መያዝ አቃተው፤ ሌላውም ተከተለው። ዳይሬክተሩ ብቻ ቆይቶ ነው ፈገግ ያለው። ስክሪኑን አየ፣ ወንበሯን አየ።

«ወረቀቱ ይቅር እንግዲህ» አለ። «መሃለኛው ሲሠራ አጠገቡ ሆኖ የሚያይ ሰው ያስፈልገዋል። መልሱ የዘገየበትን እያየሽ ስልክ ትደውያለሽ። ተቀመጪ።»

ተቀመጠች። ሁለቱን ዓመት እዚያች ወንበር ላይ ጨረሰች፤ ጋወኗንም ያስረከበችው ጡረታዋ በሞላበት ቀን ነው። ከዘራውን ባሏ በዚያው ሳምንት ሠራላት፤ እጀታው ላይ ትንሽዬ ባቡር ቀርጾበታል፣ እሱ መቼም ቀልዱን አይተውም። ጫማ ሰፊው ተሽሎት ሲወጣ ሶሉ ለስላሳ የሆነ ጫማ ሰፍቶ ላከላት። የልጅቷን ነገር ካነሱባትማ አታቋርጥም፤ ቁጥሩ የሚቀመጥባትን ነገር በፕሮግራሙ ውስጥ «ጥግ» ብላ እንደጻፈችላት ለሰው ሁሉ ትናገራለች።

ባለፈው ሰሞን ለራሷ ምርመራ ሄደች። እንደ ማንም ሰው ወረፋ ይዛ ተቀመጠች። ነርሷ አዲስ ናት፣ አታውቃትም። ቀድታት ስትጨርስ ስክሪኑን አይታ፦

«ይቅርታ እማማ፣ የላቦራቶሪው መስመር ተቋርጧል፤ ትንሽ ይጠብቁ። መልሱ ቢጠፋም እንዳይሰጉ፣ ደግመን አንወጋዎትም።»

«አውቃለሁ፣ ልጄ» አለች ባቡሬ። «እግዜር ይስጥሽ።»

ከዘራዋን ተደግፋ ጠበቀች። ያቺ አራስ ትዝ አለቻት፤ ልጇ አሁን ሠላሳውን አልፏል፣ የት ይሆን? በሕይወት ስለወጡላት እንደ ሁልጊዜው አመሰገነች። ውጤቱ ከትንሹ ላቦራቶሪ መጣ። ወረቀቱን ተቀበለችና አንድ ጥጉን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።