ጥላ የምትወደው ሐዴሳ

የሐዴሳ ቅጠል በጣቴ አሽቼ ሳሸተው፣ ያ ሎሚ ሎሚ የሚል ሽታ ጊንጪ ወዳለው ቤታችን ጓሮ ይመልሰኛል፤ አባቴም እጁን ጭቃ እንደነካው ከእንሰቱ መሀል ብቅ የሚል ይመስለኛል።

አባቴ የሳይንስ መምህር ነበር። ሦስተኛ ክፍል ልገባ ስል፣ በክረምት፣ ደንዲ ካለ ጫካ ትልልቆቹ ዛፎች ሥር የበቀለች የሐዴሳ ችግኝ ከነአፈሯ በኮባ ጠቅልሎ አመጣና እንሰቶቹ መሀል ተከላት። በኛ አገር ለመጥረቢያ እጀታና ለሽማግሌ ከዘራ ከሐዴሳ የሚያስበልጡት እንጨት የለም። «ይቺ ለእርጅናዬ ናት፤ እሷን ተደግፌ ሰርግሽ ላይ እዘምራለሁ» ይለኝ ነበር። እኔም ጠዋት ጠዋት ሄጄ በስንዝር እለካት ነበር። ዕድገቷ ግን የቀንድ አውጣ ነው፤ መስከረም ጠብቶ እንኳን ያው አንድ ስንዝር ከጣት ነበረች።

በበጋው አባቴ ለስብሰባ አምቦ በሄደበት ሳምንት ትዕግሥቴ አለቀ። ተክል ያለ ፀሐይ አያድግም ብሎ ያስተማረኝ እሱ ራሱ ነበርና፣ ገጀራ አንሥቼ በዙሪያዋ ያለውን የእንሰት ቅጠል አንድ ሳላስቀር መለመልኩት። ወይ ሊቅነት! አባቴ ሲመለስ ችግኟ ጠውልጋ፣ ቅጠሏ ሲነካ የሚፈረፈር ሆኖ ነበር። ይቆጣኛል ብዬ ስጠብቅ፣ አጠገቧ ቁጢጥ ብሎ አፈሯን በጣቱ ዳሰሰ። በኋላ «ኢንተላኮ» አለኝ፤ ልጄ ማለቱ ነው። «ጥፋቱ የኔ ነው። ጥላ የሚወድ ተክልም እንዳለ አላስተማርኩሽም።» የደረቀውን ጫፏን ቆርጦ ጉቶዋን በኮባ ከለለላት፤ እኔም በጋውን ሙሉ ውሃ እያጠጣሁ «ይቅርታ» እላት ነበር። ሰኔ ላይ ከሥሯ ስታቆጠቁጥ፣ ዝናቡን ሳልፈራ ትምህርት ቤት ድረስ ሮጬ ለአባቴ ነገርኩት፤ ክፍል ውስጥ ተማሪዎቹ ፊት አቅፎ አነሣኝ።

ዛሬ ሐዴሳዋ በቁመት በልጣኛለች፣ ውፍረቷም ለከዘራ ደርሷል። አባቴ ግን ከዘራ የሚያሻው ዕድሜ ላይ ሳይደርስ፣ ሰርጌንም ሳያይ፣ አምና አረፈ። ጉልበቷን የሚያማት እናቴ ባለፈው እሑድ «ለዚሁ አይደል የተከላት፤ ለኔ ቁረጪልኝ» አለችኝ። እሺ ብዬ እንሰቱ ሥር ገባሁ፤ ቅጠሏንም አሽቼ አሸተትኩት። ያኔ ማንም ሳያዝዘኝ ያነሣሁትን ገጀራ፣ አሁን እናቴ አዝዛኝ እንኳን ማንሣት አቃተኝ።