የባለቤቴን ኮምፒውተር ያፈጠንኩበት ሳምንት

ይህን ነገር ባስታወስኩ ቁጥር ማፈር የሚገባኝን ያህል አላፍርም፤ እናደዳለሁ። በሥራ ባልደረባዬ እናደዳለሁ፣ ስለ ኮምፒውተር ደፍሮ ያወራ ሁሉ አዋቂ በሚመስለኝ በራሴ እናደዳለሁ፣ ከሁሉም በላይ ግን «አጥፋው፣ ይበርልሃል» በምትባለዋ ምክር ደሜ ይፈላል። ደብረ ማርቆስ ውስጥ የሚያቃስት ኮምፒውተር ያለው ሰው አንድ ቀን ይህቺን ምክር መስማቱ አይቀርም። ከሰማ ጆሮውን ይድፈን።

ኮምፒውተሩ የባለቤቴ ነው። እሷ አንደኛ ደረጃ ታስተምራለች፣ እኔ ሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ማስተርሷን ስትጀምር ነው ያገለገለ ላፕቶፕ የገዛችው። የተከፈተውን ሁሉ የሚይዝበት ራሙ አራት ጊጋ ብቻ ነው፤ ባትሪው ስለሞተ ከሶኬት ሲነቀል ወዲያው ድርግም ይላል። የመመረቂያ ጽሑፏ ይጁቤ ገበያ እህል ስለሚሸጡ ሴቶች ነው። ዓመት ሙሉ እየተመላለሰች፣ ከሴቶቹ ጎን ጆንያ ላይ ተቀምጣ፣ አቧራውን እየዋጠች የሰበሰበችው ነው። ያን ሳምንት የቀራት አራተኛው ምዕራፍ ብቻ ነበር። ሰኞ ለአማካሪዋ ካላስረከበች ግን ለዲፌንስ ከሚመዘገቡት ውጭ ትሆናለች፣ ከዚያ በኋላ ቀጣዩን ዙር መጠበቅ ነው።

ባለቤቴ አንድ የአሠራር ልማድ አላት፤ የእሷም ብቻ አይደለም፣ እዚህ የሚማር ሰው ሁሉ ልማድ ነው። ኔትወርክ ደህና የሚሆነው ብዙ ጊዜ ጠዋት ስለሆነ፣ የምትፈልገውን ገጽ ሁሉ ያኔ በላይ በላዩ ትከፍታለች። ሃያም ሠላሳም ይሆናል። ከዘጋችው ተመልሶ እንደማይከፈትላት ስለምታውቅ አትዘጋውም፤ ኔትወርኩ ሲሄድ እንደተከፈቱ አንድ በአንድ ታነባቸዋለች። ላፕቶፑም በአቅሙ ይችለዋል። ራሙ ሲሞላበት የተረፈውን ሃርድ ዲስኩ ላይ ያወርዳል፣ ሲፈለግ ደግሞ ያወጣል፣ ሲያወርድና ሲያወጣ ግን ኪርር ኪርር እያለ ሰው ያሰለቻል። ቨርቹዋል ሜሞሪ የሚሉት ይኸው ነው። ጽሑፏን ሴቭ ስታደርግማ ስክሪኑ ደርቆ ይቆያል፤ ለዚህ ብላ በራሱ ሴቭ የሚያደርገውን አጥፍታ፣ ከወንበሩ ስትነሳ ብቻ ሴቭ ማድረግ ለምዳለች።

ያ ድምፅ ያናድደኝ ነበር። ሐሙስ ዕለት በመምህራን ክበብ ሻይ እየጠጣን ለአይሲቲ መምህራችን አነሳሁበት። ትምህርት ቤታችን ውስጥ ኮምፒውተር በታመመ ቁጥር የሚጠራው እሱ ነው፤ የሚያድነውና የሚገድለው ቁጥሩ እኩል ሳይሆን አይቀርም።

«ቨርቹዋል ሜሞሪውን አጥፋዋ!» አለኝ ስኳሩን እያማሰለ። «ራም እያለለት በሃርድ ዲስክ ለምን ይንፏቀቃል? እኔ ቪዲዮ ላይ አይቼ የራሴን ካጠፋሁ ቆየሁ። አጥፋው፣ ይበርልሃል።»

«ጉዳት የለውም?»

«ምን ጉዳት አለው!»

አለቀ። ስንት ጊጋ ነው አላለኝም። ምን ትሠሩበታላችሁ አላለኝም። እኔም ያንተ ስንት ነው ብዬ አልጠየቅኩትም፤ ተማሪ መለኪያውን ሳይጽፍ ቁጥር ብቻ ሲያመጣልኝ በቀይ ኤክስ የማደርገው ሰውዬ!

ባለቤቴ ከሥራ ሳትመለስ ላፕቶፑን ከፈትኩና ያለኝን አደረግኩ። ማሽኑ ራሱ እኮ አስጠንቅቆኛል፤ የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ አወጣብኝ፣ እኔ ደግሞ ሳላነብ እሺ አልኩት። ዓርብ ከሥራ መልስ ጥቂት ገጽ ብቻ ከፍታ ስትሠራ አመሸችና «ዛሬስ ቀለል ብሎታል» አለች። ፈገግ አልኩ። አልነገርኳትም፤ ምዕራፉን ስትጨርስ ልጎርርበት አስቤ ነበር።

ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተቀመጠች። ኔትወርኩ ለጉድ ነበር፣ ገጹን ሁሉ ከፈተችው። ስትጽፍ፣ ስትጽፍ፣ ምሳዋን እንኳ ከወንበሩ ሳትነሳ በላች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እኔ ግቢ ውስጥ ልብስ ሳሰጣ ጠራችኝ።

«ሜሞሪ አነሰ የሚል ነገር አወጣብኝ፤ ምን ልበለው?»

«ዝጊው ዝም ብለሽ! ምንም አይልሽም!» አልኳት ካለሁበት ሆኜ።

ዘጋችው። ጥቂት ቆይቶ ስክሪኑ ደረቀ፣ ከዚያ ጠቆረ። ስገባ ሁለት እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ የጠቆረውን ስክሪን ታያለች። የስድስት ሰዓት ሥራ፣ የምዕራፉ ሙሉ ትንተና፣ በወረቀት ያልነበረ፣ ከጭንቅላቷ በቀጥታ የወጣ፣ ሄዷል። ምን እንዳደረግኩ ወዲያው ገባኝ።

«ምን ሆኖ ነው?» አለችኝ።

«መብራት ነው» አልኳት። «ሄድ መለስ ብሎ ይሆናል።»

ለምን እንዲህ እንዳልኩ ዛሬም አላውቅም። አፌ ላይ የተገኘው እሱ ነው። በእኛ አገር መብራት ላይ የተላከከ ነገር ማን ይመረምራል? አመነችኝ። እንደገና ለመጀመር አቅም አጥታ እስክትተኛ ድረስ መብራቱን ስትራገም እኔ አብሬ ተራገምኩ፣ አምፖሉ ደግሞ ከራሳችን በላይ ቦግ ብሎ ይበራል።

እሑድ መብራቱ የምሩን ከጠዋት ጀምሮ ጠፋ። ባለቤቴ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ የምታስታውሰውን በደብተር መጻፍ ጀመረች። ትጽፋለች፣ ትሰርዛለች። «እንደትናንቱ አልመጣልኝ አለ» አለችኝ አንድ ጊዜ፣ እያየችኝ። ያኔ መናገር ነበረብኝ። ተነስቼ ውኃ ልቀዳ ወጣሁ። እንዲህ ያለ ፈሪ ነኝ።

ሰኞ ደብተሯን ይዛ ወደ አማካሪዋ ሄደች። ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«በእጅ የተጻፈ አልቀበልም አለኝ። ቅዳሜ መብራት ጽሑፌን አጥፍቶብኝ ነው ስለው፣ ቅዳሜ እኮ መብራት አልጠፋም፣ እኔም እዚያው ሰፈር ነኝ አለኝ። ሳቀብኝ። ተማሪ ሁሉ መብራት ነው የሚለኝ አለ።»

«አንቺስ ምን አልሽው?»

«ምን እላለሁ? እናቴ ትሙት ብዬ ማልኩለት።»

እናቷ ጉንደ ወይን ነው ያሉት። ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፣ ከእሷ ሌላ ልጅ የላቸውም። ባለቤቴ በእናቷ ስትምል በአሥራ አንድ ዓመት ትዳር ውስጥ ሰምቻት አላውቅም። ይህን ሰምቼም፣ ይህን ሰምቼም ዝም አልኩ! አሁን ስጽፈው እንኳ የያኔውን ራሴን በጥፊ ባልኩት የሚል ንዴት ይይዘኛል።

ከሰዓት በኋላ «የአይሲቲ መምህራችሁን ጥራልኝ፣ ምናልባት የጠፋውን ያወጣልኝ ይሆናል» አለችኝ። እምቢ የምልበት ምክንያት አጣሁ። መጣ። እሷ አጠገቡ ቆማ ስንት ገጽ ከፍታ እንደነበር እየነገረችው፣ እኔ በሩ ጋ ሆኜ፣ እየነካካ ቆየና ዞሮ አየኝ።

«ቨርቹዋል ሜሞሪውን ማነው ያጠፋው? በአራት ጊጋ? ሠላሳ ገጽ ተከፍቶ? ይሄማ እብደት ነው!»

«አንተ አይደለህ እንዴ አጥፋው ያልከኝ!» ብዬ ጮህኩ።

«እኔ የራሴን አጠፋሁ ነው ያልኩህ! የኔ አሥራ ስድስት ጊጋ ነው።»

«ታዲያ ለምን አትናገርም?»

«አንተስ ለምን አትጠይቅም?»

ጎረቤት እስኪሰማ ተጯጯህን። ቪዲዮውን የሠራው ሰው የትም ይሁን የት፣ መብራቱም ኔትወርኩም የማይሄድበት፣ የከፈተውን ገጽ ዘግቶ እንደገና የሚከፍት ሰው ነው። እሱ ለራሱ ማሽን ያለውን ይኼ ሰምቶ ለእኔ አለኝ፣ እኔ ደግሞ ወስጄ በሰው ማሽን ላይ ጫንኩት። ራሙ ትንሽ ለሆነ ኮምፒውተር ያ የሚያንፏቅቀው ነገር ነው ነፍሱ። ኪርር ይበል፣ ያቃስት፤ ቢዘገይም የያዘውን አይጥልም። ይህን የማያውቅ ሰው ሻዩን ጠጥቶ ዝም ይበል።

ባለቤቴ ጩኸታችን እስኪያልቅ ጠበቀች።

«መቼ ነው ያጠፋኸው?» አለችኝ።

«ሐሙስ።»

«ቅዳሜ መብራት ነበር?»

«ነበር።»

ባልደረባዬ ቅንብሩን ወደነበረበት መለሰው፣ የጠፋውን ፈልጎ አጣው፣ ቻው ሳይለን ወጣ።

ማክሰኞ ጠዋት «ተነስ፣ አማካሪዬ ጋ እንሄዳለን» አለችኝ። ሄድን። ቢሮው ውስጥ ቆሜ ያደረግኩትንም የዋሸሁትንም አንድ ሳላስቀር ተናገርኩ። ሰውየው ብዙ አልተቆጣም፤ እሷን ይቅርታ ጠየቃት። ስም ዝርዝሩ ግን ትናንት ተልኳል፣ ለቀጣዩ ዙር ተዘጋጂ አላት።

ከግቢው ወጥተን አስፋልቱን ይዘን ስንወርድ ከፊቴ ፊቴ ትሄድ ነበር። ድንገት ቆመች።

«አፍጥንልኝ ብዬህ ነበር?»

«አላልሽም።»

«ዘገየብኝ ብዬህ አውቃለሁ?»

አታውቅም። ማሽኑ ሲያንቋርር እጇን አገጯ ላይ አድርጋ የምትጠብቀው እሷ፣ የምናደደው እኔ ነበርኩ። ይህን ልላት አፌን ስከፍት ወደ መናኸሪያው ታጥፋለች።

«ወዴት ነው?»

«ጉንደ ወይን። እናቴን በዓይኔ ላያት ነው።»

«ደውዪላቸው እንጂ። ደህና ናቸው እኮ።»

«በዓይኔ ነው የማያት» አለች። ልከተላት ስል በእጇ ከለከለችኝና ሚኒባሱ ውስጥ ገባች።