በሞቴ ብዬ የከፈልኩበት ካርድ

ቅዳሜ ጠዋት ከኦክላንድ ወደ ሳን ሆዜ የተነሳነው ለጋሽ አሰግድ ታብሌት ለመግዛት ነው። ጋሽ አሰግድ የሟቹ አባቴ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛ፣ አሁን ጡረታ የወጡ የጂኦሎጂ መምህር ናቸው። ዓይናቸው እየደከመ ሄዶ የመጽሐፍ ፊደል አልታይ ብሏቸዋል። ሐኪማቸው «ማንበብ የሚፈልጉትን አሁኑኑ ያንብቡ» ስላለቻቸው፣ ፊደሉን እንደ ሱቅ ታፔላ የሚያሳድግ ሰፊ ስክሪን ፈለጉ። እሳቸው የሚፈልጉት ዓይነት ኦክላንድ አልቆ፣ ሳን ሆዜ ያለ ሱቅ አንድ አስቀመጠልን።

እኔ ደግሞ የክሬዲት ካርድ ነገር ሲነሳ አፌ አያርፍም። የትኛው ለግሮሰሪ፣ የትኛው ለነዳጅ ብዙ ፖይንት፣ ማለትም በከፈሉ ቁጥር የሚጠራቀም ጉርሻ፣ እንደሚሰጥ ቸርች ውስጥ ሰው የሚጠይቀው እኔን ነው። በፖይንት አዲስ አበባ ድረስ ሄጄ መጥቻለሁ፤ ይህን ያልነገርኩት ሰው ያለም አይመስለኝ።

ቴሌግራፍ አቬኑ ላይ ትኩስ የምስር ሳምቡሳ ገዝተን በአውቶቡስ ወደ ጣቢያው፣ ከዚያም በባቡር ወደ ደቡብ ጉዞ ጀመርን። ባቡሩ ፍሪሞንትን አልፎ ወደ ባሕረ ሰላጤው ጫፍ ሲጠጋ ረግረጉ መሃል ይገባል። ግራና ቀኙ ውሃ ነው፤ ዳር ዳሩ ጨው የነጣበት ጭቃ፣ በላዩ ረጃጅም እግር ያላቸው ወፎች። ጋሽ አሰግድ መስኮቱ ላይ ተለጠፉ።

«ወፍ አለ?»

«ሞልቷል ጋሼ።»

«ይሁና። ለእኔ ነጭ ነገር ብቻ ነው የሚታየኝ።»

ወሬ ለመቀየር ያህል በየትኛው ካርድ እንደሚከፍሉ ጠየቅኳቸው። ከማስተማር ጊዜያቸው ጀምሮ አብሯቸው የኖረውን ካርድ አወጡ።

«ስንት ፖይንት ይሰጣል?»

«ምንም።»

«ውይ ጋሼ! ታዲያ ምን ይሠራልዎታል?»

«እሱስ...» ብለው ሲጀምሩ ትኬት ተቆጣጣሪው መጣና ወሬው በዚያው ቀረ።

ሳን ሆዜ

ታብሌቱ ስድስት መቶ ዶላር ነበር። ሒሳብ መክፈያው ጋ ስንደርስ ሁለታችንም ካርዳችንን መዘዝን። ሐበሻ ሆኖ እዚህ ቦታ ላይ ያልታገለ ማን አለ?

«እኔ ነኝ የምከፍለው» አሉ።

«አይሆንም፣ እኔ ነኝ!»

«ስሚኝ ሶስና፣ ይሄኛው ካርድ ዕቃው ቢሰ...»

«በሞቴ!»

በሞቴ ከተባለ በኋላ ምን ይባላል? ካርዳቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱ። ገንዘብ ተቀባይዋ የተጣላን መስሏት ዓይኗ ከእኔ ወደ እሳቸው ይመላለሳል። እኔ እየሳቅኩ ካርዴን አስነካሁ። ልጋብዛቸው መፈለጌ እውነት ነው። ነገር ግን ያን ሰሞን ካርዴ ለኤሌክትሮኒክስ ሦስት እጥፍ ፖይንት ይሰጥ ነበር። ያ ባይኖር እስከ በሞቴ እደርስ ነበር? እንጃ።

ምሳ በያይነቱ አዝዘን፣ ጋሼ በአንድ እጃቸው እየጎረሱ በሌላው ታብሌቱን ከፈቱ። ፊደሉን አሳደጉት፣ አሁንም አሳደጉት። ከዚያ አንድ ገጽ ሙሉ ጮክ ብለው አነበቡልኝ። «አየሻት ይቺን ‹ጸ›! ስንት ጊዜዬ ሳላያት!» እያሉ እንደ ልጅ ሳቁ። ከምሳ በኋላ «ትንሽ አየር ልውሰድ» ብለው ብቻቸውን ወጡና ቆዩ። ልፈልጋቸው ካፖርቴን ሳነሳ ተመልሰው መጡ፤ ካፖርቱን ተቀብለው እንደ ድሮ ጨዋ ሰው አለበሱኝ።

መልስ

ታብሌቱን ለእኔ አልሰጥም ብለው ደረታቸው ላይ አቅፈው ነበር። ባቡሩ ላይ ሲወጡ ደረጃውን እግራቸው ሳተው። እሳቸውን በክንዳቸው ያዝኳቸው፤ ታብሌቱ ግን ሲሚንቶው ላይ አረፈ። አንስቼ ብከፍተው ስክሪኑ ጥቁር ነው፣ መስታወቱ ደቅቋል።

«ፊደሉ አለ?» አሉኝ።

እንደተቀመጥን ካርድ ኩባንያዬ ጋ ኮል አደረግኩ። የእኔ ካርድ ለተሰበረ ዕቃ አይከፍልም ተባልኩ። ያን ሁሉ ፖይንት ሳወዳድር ይህን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኩም።

«የእኔው ነበር የሚከፍለው» አሉ ጋሼ ቀስ ብለው። «ዕቃው በተገዛ በሦስት ወር ውስጥ ቢሰበርም ቢሰረቅም።»

«ታዲያ ለምን አይነግሩኝም ጋሼ?»

«በሞቴ አልሽ እኮ።»

ረግረጉን ስናልፍ ወፎቹ አሁንም ነበሩ። ስለ ወፍ ግን አልጠየቁኝም።

እሳቸውን በራቸው ድረስ አድርሼ ቤቴ ገባሁ። ካፖርቴን ሳወልቅ ኪሴ ከብዶኛል፤ እጄን ብከት የታጠፈ ገንዘብ፣ ልክ የታብሌቱ ዋጋ። ለካ አየር ልውሰድ ያሉት ለዚህ ኖሯል! በዚያ ዓይናቸው የገንዘብ ማሽኑን ቁልፍ እንዴት አድርገው እንዳገኙት ሳስብ እንባዬ መጣ። በሞቴን አላፈረሱም፤ በጎን አልፈውት ሄደዋል። እኔ ገንዘቡም ፖይንቱም ቀረልኝ፤ እሳቸው ጋ የቀረው የደቀቀ መስታወት ነው።

ያን ቀን የተማርኩት ሰው የጀመረውን ሳይጨርስ በሞቴ እንደማይባል ነው። ትምህርቱ ግን ለጋሼ አንድ ፊደል አያነብላቸውም።

ወዲያው ደወልኩላቸው። «ጋሼ፣ ነገ ሄጄ ሌላ እገዛለሁ።»

«እንዳትገዢ። ገንዘቡንም እንዳትመልሺ።»

«ኧረ ጋሼ...»

«በሞቴ!»

ቀጥለውም፣ የምር ማወቅ ፈልገው፣ «ለመሆኑ ፖይንቱ ገባልሽ?» አሉኝ።

«ገብቷል» አልኳቸው።