የአሰልጣኙ ሚስት

መጋረጃ ሰፊዋ ፍሪጅ ጠጋኙን ስታገባው ኳስ እንደሚወድ ታውቅ ነበር። ኳስ የማይወድ ወንድ የት ይገኛል ብላ አለፈችው። ያላወቀችው ፋንታሲ የሚባለውን ነገር ነው። በስልክ ላይ ከየክለቡ ተጫዋች እየመረጡ የራስን ቡድን ማቋቋም ነው። የመረጥካቸው ሰዎች ቅዳሜና እሁድ ሜዳ ላይ በሠሩት ልክ ነጥብ ይቆጠርልሃል። አምበል ያደረግከው ሰው ነጥብ እጥፍ ይሆናል፤ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ያስቀመጥከው ግን የፈለገውን ያህል ጎል ቢያገባ ላንተ ባዶ ነው። የሳምንቱ ጨዋታ ሊጀመር ሲል ምርጫው ይዘጋል፤ ከተዘጋ ወዲያ መለወጥ የለም። ነገሩ ይኸው ነው። ባሏ ግን የሚኖረው ለዚህ ነበር።

ጓደኞቹ «አሰልጣኙ» ይሉታል። ውሎ አድሮ ደንበኞቹ ሳይቀሩ «አሰልጣኙ፣ ፍሪጄ አልቀዘቅዝ አለኝ» እያሉ ይደውሉለት ጀመር። አልጋ ላይ ሆኖ ስለ አንድ አጥቂ ጉልበት ያወራላታል። ምግብ ሲቀርብለት ዓይኑ ስልኩ ላይ ነው፤ በልቶ ሲጨርስ ምን እንደበላ ብትጠይቀው አያውቅም። መጀመሪያ ትስቅ ነበር። ቀጥሎ፣ ስለ ቡድኑ ባወራው ከእኔም ጋር ይጫወታል ብላ ለመማር ሞከረች። አስተያየት በሰጠች ቁጥር ግን፣ «አንቺ መጋረጃሽን ስፊ» ይላታል።

አንድ እሁድ ጓደኞቹ ጨዋታ ሊያዩ ቤት መጡ። ሾርባው ጨው በዝቶበት ኖሮ አሰልጣኙ ማንኪያውን አስቀመጠና፣ «ዛሬ ሚስቴ ሁለት ነጥብ ብቻ ነው ያመጣችው» አለ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

«ታዲያ ቀይራት እንጂ!» አለ አንደኛው።

«ገበያው ላይ ደህና ሰው ጠፋ። ለጊዜው ተጠባባቂ ወንበር ላይ ትቀመጥ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟ ተጠባባቂ ሆኖ ቀረ። «ተጠባባቂ፣ ውሃ አምጪ።» «ተጠባባቂ፣ ደህና አደርሽ?» የሰፈሩ ባለሱቅ እንኳ ሳሙና ሲሸጥላት አንድ ቀን አፉን አዳልጦት በዚሁ ስም ጠራት። ደንግጦ ይቅርታ ጠየቃት። ከስሙ ይልቅ ይቅርታው አሳፈራት።

በዚያ ቤት በደህና ቃል የሚጠራት አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የባሏ ታናሽ ወንድም። ጓሮ ባለችው ክፍል ይኖራል፣ ከወንድሙ ጋር በፍሪጅ መጠገኛው ሱቅ ይሠራል። እውነቱን ለመናገር አሰልጣኙ ደንበኛ ያስቃል፣ ሞተሩን የሚፈታው ወንድምየው ነው። ከሥራ ሲገባ «እህቴ፣ ዛሬስ ወገብሽ እንዴት ነው?» ይላታል። ወገቧን የሚጠይቃት አርግዛ ስለነበር ነው።

ስንት ዓመት ጠብቀው፣ ተስፋ ቆርጠው ያገኙት እርግዝና ነበር። ሆዷ መግፋት እንደጀመረ፣ አንድ ቅዳሜ ከስፌት መኪናዋ ስትነሳ ደም ወረዳት። ባሏ ጋ ደወለች።

«ደም እየፈሰሰኝ ነው፣ ቶሎ ድረስልኝ።»

«ቆይ ቆይ፣ ሊዘጋ ነው። አጥቂዬ ተጎድቷል እያሉ ነው፣ እሱን ልቀይርና…»

«ሰምተኸኛል? ደም ነው የምልህ!»

«እሺ፣ ተኚና እግርሽን ከፍ አድርጊ! መጣሁ አልኩሽ እኮ!»

አልመጣም። የመጣው ወንድሙ ነው። ሱቅ ውስጥ ሆኖ የስልኩን ወሬ ሲሰማ መፍቻውን ወርውሮ ሮጠ። ታክሲ እስከሚቆምበት ዋናው መንገድ ድረስ አቅፎ ወሰዳት፤ ሸሚዙ በደሟ ራሰ። ሐኪሟ፣ ልጁ አልተረፈም ብላ ስትነግራት እጇን ይዞ ቆሞ የነበረው እሱ ነው።

ባሏ ምሽት ላይ መጣ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ፣ «አይዞሽ፣ እግዜር ሌላ ይሰጠናል» አላት። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፤ አስመሰለ አይባልም። ወዲያው ግን ኪሱ ውስጥ ስልኩ ነዘረ። አወጣና አየው። ከንፈሩ ላይ ፈገግታ ብልጭ ብሎ ጠፋ። አምበሉ ሦስተኛ ጎሉን አግብቶ ነበር። ቶሎ ብሎ ስልኩን ከተተና ፊቱን አጨለመ። እሷ ግን አይታዋለች። ወደ ግድግዳው ዞረች።

ከዚያ በኋላ ስለ ኳስ ሲያወራላት ጸጥ ብላ ታዳምጠው ጀመር። ማን እንደተጎዳ፣ ማን ጎል እንደሚያገባ፣ የትኛው ቡድን በየሳምንቱ እንደሚደበደብ አንድ በአንድ ያዘች። እሱ ልቧ ተመለሰልኝ ብሎ ተደሰተ።

የዓመቱ የመጨረሻ እሁድ ደረሰ። አሰልጣኙ ከጓደኞቹ ሁሉ በላይ ነበር፤ ሁለተኛው ግን እግር በእግር ይከተለዋል። ዋንጫ አሠርተዋል፤ ጨዋታውን እሱ ቤት ተሰብስበው ሊያዩ፣ ዋንጫውንም እዚያው ሊያስረክቡ ተስማምተዋል። ከዋንጫው ጋር ለሚነሳው ፎቶ ብሎ ጢሙን ሊላጭ መታጠቢያ ቤት ገባ። የቡድኑ ምርጫ ሊዘጋ ጥቂት ቀርቶታል። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ነው።

የሚስጥር ቁጥሩን ታውቀዋለች። ደብቋት አያውቅም፤ እሷን ማን ከቁም ነገር ቆጥሯት! ሁለቱን ጎል አግቢዎች ተጠባባቂ ወንበር ላይ አወረደቻቸው። አምበልነቱን ሳምንት በመጣ ቁጥር ጎል ለሚንቆረቆርበት ቡድን ተከላካይ ሰጠችው። ሁሉን አጸደቀችና ስልኩን በነበረበት አስቀምጣ ኩሽና ገባች።

ወዲያው ስልኩ ጠራ። ወንድምየው ከጓሮ ገብቶ አነሳው፤ ደንበኛ ነበር። «ነገ ጠዋት እንመጣለን» እያለ ሲያወራ አሰልጣኙ ፊቱን በፎጣ እየጠረገ ወጣ። በሩ ተንኳኳና ጓደኞቹ እየጮኹ ገቡ። ስልኩን ከወንድሙ እጅ ተቀብሎ ኪሱ ከተተው። ቡድኑን ከጠዋት ጀምሮ ሲያየው ስለዋለ ደግሞ ማየት አላስፈለገውም።

ጨዋታው እንደተጀመረ ከጎል አግቢዎቹ አንዱ አገባ። አሰልጣኙ ዘሎ ተነስቶ ነጥቡን ሊያይ ስልኩን ከፈተ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ማነው የነካው?» አለ በቀስታ። ከዚያ ጮኸ፤ «ማነው የነካው!»

«ምኑን፣ ጋሼ?» አለ ወንድሙ።

«አንተ ነህ! አንተ እጅ ላይ ነው ያገኘሁት!»

«ስልኩ ጠርቶ ነው ያነሳሁት እንጂ እኔ ምን…»

ጥፊው ቃሉን ከአፉ ቀማው። አሰልጣኙ ወደ ሚስቱ ዞረ።

«አንቺ እዚህ ነበርሽ። ማነው የነካው?»

ትሪ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ወንድምየው ጉንጩን ይዞ ያያታል።

«እኔ እሱ እጅ ላይ ነው ያየሁት» አለች።

ውሸት አልነበረም፤ ክፋቱም እሱ ነው። አሰልጣኙ «ከቤቴም ከሱቄም ውጣልኝ! ወንድም የለኝም!» ብሎ በሩን ከፈተለት። ወንድምየው አልተከራከረም። ልብሱን በአንድ ሻንጣ አድርጎ ሲወጣ «ደህና ሁኚ እህቴ» አላት።

ዋንጫውን ሌላው ወሰደው። ጓደኞቹ ሳቃቸውን አፍነው ከበሩ ሲወጡ ደረጃው ላይ ለቀቁት። አሰልጣኙ መሬት ላይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። ለልጁ እንዲህ አላለቀሰም። እሷ ቆማ አየችው፤ ደስ አላት። ደስታዋ የቆየው የጓሮዋን ክፍል ልትጠርግ ገብታ ባዶውን ፍራሽ እስክታይ ነው።

ሱቁ ብዙ አልቆየም። ደንበኞቹ የሚፈልጉት የወንድምየውን እጅ ነበር፤ እሱ ወዳለበት ሄዱ። አሰልጣኙ ዘግቶ ሌላ ሰው ጥገና ቤት ተቀጠረ። ፋንታሲውን ግን አልተወም፤ አዲሱ የውድድር ዘመን ሲከፈት አዲስ ቡድን አቋቋመ። እሷ እውነቱን ልትነግረው ስንቴ አፏን ከፈተች። ስንቴ ዋጠችው።

ወንድምየው አግብቶ ልጅ መውለዱን ስትሰማ የሕፃን ልብስ ሰፍታ፣ ለባሏ ሳትነግር ሄደች። ሚስቱ በደስታ ተቀበለቻት፤ ሕፃኑን አሳቀፈቻትና ሻይ ልታፈላ ገባች።

«አንድ የምነግርህ ነገር አለኝ» አለችው።

«አውቀዋለሁ» አላት። «ስልኩን ሳነሳው የቡድኑ ገጽ ክፍት ነበር። እሱ ሲላጭ ነበር፤ ቤት ውስጥ የቀረነው እኔና አንቺ ነን።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«አንቺን ምን እንደሚያደርግሽ ፈራሁ። ደግሞ አንቺው ትናገሪልኛለሽ ብዬ ነበር።»

ሕፃኑ አለቀሰ። ወንድምየው ተነስቶ ቀስ ብሎ ከእጇ ተቀበለውና ትከሻው ላይ አደረገው፤ ወዲያው ዝም አለ። ሻዩን ጠጣች፣ ሚስቱን ስማ ተነሳች። እሱ እስከ በሩ ሸኛት፣ ጎንበስ ብሎ ተሰናበታት። ደግሞ ነይ አላላትም።