ድግሱን የበላው ጣራ

ዩጂና ቤቷ መሃል ቆማ ወደ ላይ አየች፤ ጣራ የለም። አውሎ ነፋሱ ቆርቆሮውን አንድ ሳያስቀር ገሽልጦ ወስዶታል። ሰማዩ ደግሞ ምንም እንዳላጠፋ ሁሉ ጥርት ብሏል። ዓይን አውጣ!

ጣራው ተራ ጣራ አልነበረም። ባሏ ዊንፊልድ፣ አፈሩን ያቅልልለትና፣ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው። በእኛ ደሴት በካሪያኩ ሰው በመቀበር ብቻ አይገላገልም። ስሙ የተቀረጸበት ድንጋይ፣ ፍየል ታርዶ፣ ከበሮ ተመትቶ፣ ለሙታን ሩም የሚባለው አረቄ መሬት ላይ ፈስሶ ነው መቃብሩ ላይ የሚተከለው። እስከዚያ ድንጋዩ ቤት ይቆያል። ዩጂናም ድንጋዩን አሠርታ፣ በነጭ አንሶላ ጠቅልላ አልጋዋ ሥር አስተኛችው፤ ለድግሱም ጥሪት መቋጠር ያዘች። ይኼኔ አሮጌው ጣራ ማፍሰስ ጀመረ። ሙት ይታገሣል፣ ዝናብ አይታገሥም አለችና የቋጠረችውን ለቆርቆሮ አዋለችው። ምን ታድርግ? እኔም ብሆን ያንኑ አደርግ ነበር።

የዊንፊልድ ታላቅ እህት እትዬ ሜልዳ ግን ይቅር አላሏትም። በየገበያው፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ «የወንድሜን ድግስ ራሷ ላይ ደፍታው ትተኛለች» እያሉ ሲሸነቁጧት ኖሩ።

ስለዚህ ዛሬ ጠዋት መጥረጊያና ባልዲ ይዘው ሲመጡ፣ ዩጂና አንገቷን ደፍታ ስድቡን ጠበቀች። አልመጣም። ሴትዮዋ ቀሚሳቸውን ሸብ አድርገው ጭቃ መዛቅ ጀመሩ። የራሰውን ፍራሽ አብረው ጎትተው አወጡ፤ የተሰባበረ ሳህን ለቀሙ፤ ከማን ቤት እንደበረረ የማይታወቅ በር ሳይቀር ተሸክመው ደጅ ጣሉ። እትዬ ሜልዳ ጭጭ። ምላሰ መርፌ የሆነ ሰው ዝም ሲል ደስ አይልም፤ ዩጂና ግን ያዘኑላት መሰላት።

የእሷ ልብ ያለው አልጋው ሥር ነው። በዚያ በኩል ግድግዳው ወድቆ አልጋውን ደፍጥጦታል። ሳንቃውን እያነሱ ወደ ጎን ሲጥሉ ቆይተው፣ አንሶላው ጭቃ ለብሶ ብቅ አለ። ዩጂና ገለጠችው። ድንጋዩ የትም አልተሰነጠቀም፤ ስሙም ደህና ነው። ጭቃው ላይ ዝርፍጥ ብላ አለቀሰች። ደስታ ብቻ ነው እንዳትሉ፤ አፍራለች።

ከዚያ ብድግ አለችና ከጎረቤት የእጅ ጋሪ ለምና አመጣች። ድግስ ኖረም አልኖረ ዛሬውኑ ልትተክለው ነው። ቤት የለኝ፣ ከእንግዲህ የት ላቆየው አለች። መቃብሩ እዚሁ ባሕር ዳር ነው። ሩም ባጣ ውሃ አፈስለታለሁ፣ ይቅር ይለኛል አለች። ድንጋዩን ጫኑት።

መንገድ ልትጀምር ስትል እትዬ ሜልዳ ፊቷ ቆሙ። ያለ ድግስ ድንጋይ መትከል ነውር ነው፤ ፍየል ይፈለግ፣ ዘመድ ይሰብሰብ፣ ለከርሞ ይደርሳል አሉ።

«ይህን ሁሉ ዓመት ሲያቃጥሉኝ ኖረው፣ ዛሬ ለከርሞ ይሉኛል?» አለች ዩጂና። «ይለፉኝ፣ እትዬ።»

አልተነሱም። የጋሪውን አፍ በሁለት እጃቸው ያዙ።

«መቃብሩ የለም።»

«የለም ማለት?»

«ጎህ ሲቀድ ሄጄ አየሁት። ያንን ጫፍ እንዳለ ባሕሩ ቆርሶ ወስዶታል። ወንድሜንም።» እንባቸው ወረደ። «የቤትሽን ፍርስራሽ እስክናነሳ ልነግርሽ አልፈለግኩም። ሁለቱን ባንዴ አትችይውም ብዬ ነው።»

ዩጂና ጋሪውን አልለቀቀችም። ዞራ ባሕሩን አየችው፤ ጸጥ ብሎ ተኝቷል።

«ይህን ሁሉ ዓመት ጠብቆኝ» አለች ቀስ ብላ፣ «አንድ ቀን ቢጨምርልኝ ምን ነበረበት?»

ሁለቱ ሴቶች ጋሪውን በየበኩላቸው እንደያዙ፣ ወዴት እንደሚገፉት ሳያውቁ ቆሙ።