የፉሪው ወጌሻ

በሰማንያዎቹ መጨረሻ በሀና ማርያም መስመር ታክሲ እነዳ ነበር። አንድ ቀን የቆመችብኝን መኪና ስገፋ የግራ ባቴን ጡንቻ ጎዳሁት። ሳርፍ ይሻለኛል፤ ሥራ ስጀምር ግን ፍሪሲዮን በረገጥኩ ቁጥር ይነሳብኛል። መርፌውም ቅባቱም ፋታ እንጂ ፈውስ አልሆኑኝም። መንዳቱን ልተው ስል ባለቤቴ፣ "ፉሪ አንድ ጎበዝ ወጌሻ አሉ፤ እስቲ እሳቸው ጋ ሂድ" አለችኝ።

እያነከስኩ ሄድኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። ውስጥ አንድ ሽበታም ሰው መደብ ላይ ተቀምጠዋል፤ አጠገባቸው ቅቤ የያዘ ጣሳ አለ። ሰላም ብያቸው ጎናቸው ተቀመጥኩና ሱሪዬን ሰብስቤ እግሬን ጭናቸው ላይ ዘረጋሁ።

"አባባ፣ ይቺን ባት ይሹልኝ፤ እንጀራዬን ልታሳጣኝ ነው።"

ሰውየው እግሬን አዩ፣ በሩን አዩ፣ እንደገና እኔን አዩ። ከዚያ እጅጌያቸውን ሰብስበው በቅቤው ማሸት ጀመሩ።

"እዚህ ጋ ነው?"

"ትንሽ ዝቅ ይበሉ... ኧረ ቀስ! ቀስ አባባ!"

"ቻል እንጂ ልጄ!"

ላብ እስኪያጠምቀኝ አሹኝ። ስነሳ እግሬ ቀለለኝ። ያ ሕመም ከዚያ ቀን ወዲህ ተመልሶ አልመጣም።

ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል አንዲት ጠና ያሉ ሴት በጥድፊያ ገቡ።

"ስላስጠበቅኋችሁ ይቅርታ፤ ጎረቤት ሰው ትከሻው ወልቆ እሱን ሳሽ ነው። ማነው ቀድሞ የመጣው?"

"እኔ ነኝ፤ ወገቤን አሞኝ ነው" አሉ ሰውየው እጃቸውን እየጠረጉ።

ደነገጥኩ። "ታዲያ እኔን ለምን አሹኝ?"

"እግርህን ጭኔ ላይ ጫንክብኝ፤ ምን ላድርግ ልጄ?"