በሚዛን የተለካው ቅቤ

ሰኞ ነበር፣ ከጧቱ ሁለት ሰዓት ተኩል። ሰዓቱን የማስታውሰው የሆስፒታሉ መዝገብ ላይ የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ ነው። ባለፈው ሳምንት አንዲት የላቦራቶሪ ልጅ ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ሰጥታኝ፣ ፊቴን ሳታይ «ከሰገራው ትንሽ ይበቃል፣ እማማ» ስትለኝ ያ ሰኞ ከነጠረኑ መጣብኝ። በእኛ ጊዜ ትንሽ አይበቃም ነበር። የሦስት ቀን ነው የሚጠራቀመው፤ አንድም ሳይቀር።

ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ተምሬ ሐረር በሚገኝ ሆስፒታል ስመደብ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። የሰው ፊት ቀና ብዬ ማየት አልችልም። የማምነው ሚዛንና ብልቃጥ ነው።

ሕመምተኛዋ አዴ ሙና ይባላሉ፤ «አዴ» እዚያ እንደ «እማማ» ነው። በግንብ የታጠረው የጁገል ሰው፣ ስፌት ሰፊ። ተቅማጥ ለወራት አልለቅ ብሏቸው፣ የእጃቸው አንባር እስከ ክርናቸው ይንሸራተት ነበር። ዶክተሩ ማወቅ የፈለጉት አንጀታቸው ስብ ይመጥጥ እንደሆነ ወይም ሳይነካ ያሳልፈው እንደሆነ ነው። የማይመጥጥ ከሆነ አንጀቱ ታሟልና ለሕክምና አዲስ አበባ ይላካሉ። የሚመጥጥ ከሆነ ወደ ቤታቸው። ስለዚህ ሦስት ቀን በሚዛን የተለካ ቅቤ በዳቦ ይበላሉ፤ እኔ የሚወጣውን በባለ ክዳን ጣሳ ሰብስቤ በውስጡ የቀረውን ስብ እለካለሁ። የገባው በትክክል ካልታወቀ የወጣው ምንም አይናገርም። ሲበሉ ቆሜ ማየት ነበረብኝ።

ጣጣውን ያመጣው ይኸው መቆሜ ነው። ያን ሰኞ ጧት አዴ ሙና ዳቦውን ቆረሱ፣ ቅቤውን ቀቡና ወደ እኔ ዘረጉ።

«ቢስሚላሂ፣ በዪ።»

«በልቻለሁ፣ አዴ። የእርስዎ ነው።»

«ሰው ቆሞ እያየኝ ብቻዬን ልዋጥ? ጅብ እንኳ ተጣርቶ ነው የሚበላ።»

ሳመነታ ዓይናቸው አልጋው ሥር ወዳለው ጣሳ ሄደ። ድምፃቸው ዝቅ አለ።

«ገባኝ፣ ልጄ። ያንን ስታነሺ እየዋልሽ ከኔ እጅ እንዴት ትጎርሺ።»

እንዳልተጸየፍኳቸው የማሳይበት ሌላ መንገድ አልታየኝም። ጎረስኩ። አንድ ጉርሻ ያጣላል አሉና ሁለተኛውን ሰጡኝ፤ ከዚያ በኋላ እኩል ነው የበላነው። ማክሰኞም እንዲሁ። ረቡዕም ጾም መሆኑን እያወቅሁ ቅቤው ምላሴ ላይ ቀለጠ። በየቀኑ ባዶውን ሳህን እያየሁ መዝገቡ ላይ «ሙሉውን በልተዋል» ብዬ ፈረምኩ። እውነቱን ለመጻፍ «እኔ በላሁ» ብሎ መጻፍ ያስፈልግ ነበር፤ ብዕሬ እዚያ ላይ ሲደርስ ይቆማል።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ውጤቱ ወጣ። የተገኘው ስብ ከጤነኛ ሰው ብዙም አይበልጥም፤ የገባው ግን ግማሹ ብቻ ነበር። አለቃዬ ጋሽ ታደሰ ወረቀቱን አይተው ሣቁ።

«በይ እንግዲህ፣ እናታችን ነገ ወደ ቤታቸው። አንጀታቸው ከኔ ይሻላል።»

ጋሽ ታደሰ ረቡዕና ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ የማይቀምሱ ሰው ናቸው። አፌን ከፈትኩ። የወጣው «እሺ» ነው።

በፈረስ መጋላ አደባባይ በኩል፣ ከጁገል በሮች አንዱ በሆነው ፈላና በር አጠገብ ወደተከራየኋት ክፍል ስሄድ ጥቅምት ነበር፤ ሴቶች መንገድ ዳር ለውዝ ይቆላሉ። ጠባቡ መንገድ ውስጥ እንጨት የጫነች አህያ ከፊቴ መጣችና ግንቡን ተለጥፌ አሳለፍኳት። ካለፈች በኋላም ከግንቡ መላቀቅ አቃተኝ። ብናገር የበሽተኛ ቀለብ የበላች፣ ጾም የሻረች ተብዬ ሆስፒታሉ ሁሉ ይስቅብኛል፤ ምናልባትም እባረራለሁ። ዝም ብል አዴ ሙና «ደህና ነዎት» ተብለው እቤታቸው ከስተው ያልቃሉ። ለውዝ ቆዪዋ «ምነው እህቴ፣ አሞሻል?» ስትለኝ ነው የነቃሁት።

በማግስቱ ጧት ዋርድ ስገባ አዴ ሙና ጓዛቸውን ቋጥረው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ዶክተሩና ጋሽ ታደሰ አጠገባቸው ቆመዋል።

«ውጤቱ ትክክል አይደለም» አልኩ።

«ማን አበላሸው?» አሉ ጋሽ ታደሰ።

«እኔ። ቅቤውን ግማሹን በልቼዋለሁ።» ከዚያ መተው ይቻል ነበር፤ አፌ ግን አንዴ ተከፍቷል። «ረቡዕም ጭምር።»

ጋሽ ታደሰ ዓይናቸውን ጣሪያው ላይ ሰቀሉ። ዶክተሩ ረዘም አድርገው አዩኝና የመውጫ ወረቀቱን ከፋይሉ መዝዘው ለሁለት ቀደዱት።

«እንደገና ይጀመር» አሉ። «አንቺም ቁርስሽን በልተሽ ነይ።»

ቅቤውን እንደ አዲስ መዝኜ አመጣሁ። አዴ ሙና ቆረሱና ወደ እኔ ዘረጉ።

«አዴ፣ ይህ ምግብ አይደለም። የእርስዎ መድኃኒት ነው።»

እጃቸው አየር ላይ ቆመ።

«ታዲያ ሦስት ቀን ሙሉ የሰው መድኃኒት ስትበዪ ዝም አልሽ?» አሉና ጉርሻውን ወደ አፋቸው መለሱት።

እስከ ዛሬ ሰው ፊት ስናገር ዓይኔን መሬት ላይ እተክላለሁ፤ ዕድሜ አላዳነኝም። ያን ጧት ግን ሳህኑ እስኪያልቅ ቆሜ አየሁ፤ መዝገቡንም ሳልፈራ ፈረምኩ።